የዘጠኝ ድንጋይ ምድር

በ1976 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ላይ የመዝናኛ ፍቅር ገባ።

ነገሩ የመጣው በፊልም ነው። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ፊልም በአዳራሹ ታየ፤ ሰው ጭኖ ሰማይ ለሰማይ የሚሽከረከር መንኮራኩር፣ ሽቅብ ቁልቁል የሚጋልብ ባቡር፣ ልጅ አዋቂው እየሣቀ። በማግስቱ ከተማው ሌላ ወሬ አጣ። በየሰፈሩ የመዝናኛ ወዳጆች ቡድን ተቋቋመ፤ ሁሉም የየራሱን የደስታ ምድር በወረቀት ላይ ይነድፍ ጀመር።

ያልተደራጀ ደስታ የአድኃሪያን መሣሪያ ይሆናልና፣ ጉዳዩ ወዲያው በሰርኩላር ተደራጀ። ንድፎቹ ይገመገማሉ። አንደኛ የወጣው ምድር፣ ቡድኑ በመረጠው ሜዳ ላይ ታጥሮ በአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ይከፈታል። የሚሽከረከረው ነገር ደግሞ አገር ሲያድግ ይደርሳል።

ገምጋሚ ሆኖ የተመደበው ጓድ ይርዳው ነበር። ከሌላ አውራጃ ከተዛወረ ዓመት ያልሞላው፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ያለ ምክንያት አልተጠነቀቀም። ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰው ቆብ ያደረገ አህያ ያለበት ተውኔት አሳለፈና «ለትምህርት» ተጠርቶ ሄደ። ትምህርቱ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሚስቱ አሁንም ጋቢውን እያጠበች ታሰጣለች።

ስለዚህ ጓድ ይርዳው ንድፍ ሲያይ ውበት አይፈልግም። አህያውን ነው የሚፈልገው።

በመጀመሪያ የመምህራኑ «የታሪክ ባቡር ምድር» ቀረበ። ባቡሩ ከጋርዮሽ ይነሣል፣ በፊውዳሊዝም ዋሻ ያልፋል፣ ሶሻሊዝም ጫፍ ላይ ይቆማል።

«የኮሙኒዝም ጣቢያ የታለ?» አለ ጓድ ይርዳው።

«ወረቀቱ አለቀብን፣» አለ መምህር ካሳው።

«ወረቀት አለቀ ብዬ ነው ለበላይ የምጽፈው?»

መምህሩ ከኪሱ ብጣሽ ወረቀት አወጣና፣ «እዚህ ላይ እንቀጥለዋ፣» አለ። ጓድ ይርዳው ብጣሹን ገልብጦ አየ። ከጀርባው የስኳር ወረፋ ተራ ቁጥር አለበት። ቶሎ አጣጥፎ መለሰለት።

ቀጥሎ ወርቁ የሚባል አናጺ ከነቡድኑ መንኮራኩር ይዞ ገባ። «ላይ የነበረው ይወርዳል፣ ታች የነበረው ይወጣል፣» ብሎ አስረዳ።

«ላይ ያለው እዚያው ላይ እንዳለ የሚቀርበት ዘዴ የለም?»

«ያማ መሰላል ነው፣ ጓድ።»

ጓድ ይርዳው ንድፉን ጠቅልሎ ወደ ጎን አደረገ።

የሴቶቹ ቡድን መጨረሻ ገባ፤ ዘጠኝ ናቸው፣ ሁሉም ዕድሜያቸው የገፋ። አለቃቸው እትዬ ጥሩወርቅ ንድፉን ዘረጉ። ከከተማው ግርጌ ያለው ሜዳ፣ አጥር፣ ሣር፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ዘጠኝ ጠፍጣፋ ድንጋዮች። ሌላ ምንም የለም።

«ፊልሙን አይታችኋል?»

«በሩቁ፣ ጓድ ልጄ።»

«ጓድ ይርዳው በሉኝ፣ እትዬ።»

«እሺ፣ ጓድ ልጄ።»

«ታዲያ የእናንተ ምድር ምኑ ነው የሚያዝናናው?»

«ሰው ይቀመጥበታል።»

«ከዚያስ?»

«ሲበቃው ይነሣል።»

ጓድ ይርዳው ዕረፍት አጣ። አህያ ያለበት ንድፍ ያስፈራል፤ ምንም የሌለበት ግን ይብሳል። ወረቀቱን ገለበጠው፣ ለፀሐይ ይዞ አየው፣ አሸተተው። የሜዳውን ፋይል አስወጣ። ከ1970 ጀምሮ ሰው ዝር እንዳይልበት ታዟል፤ ምክንያቱ አልተጻፈም፤ የፈረሙት ሁለት ሰዎችም ዛሬ የሉም። የሣር ጥበቃ መሆን አለበት ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

በአራተኛው ቀን በራለት። ዘጠኝ ሴት፣ ዘጠኝ ድንጋይ። ማኅበር ነው። በመዝናኛ ስም ጽዋ ሊጠጡ ነው። አህያው ተገኘ።

አስጠራቸው።

«እዚያ ሜዳ ላይ ጠላና ዳቦ ይገባል?»

«ውሃም አይገባ፣» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«ቄስስ?»

«ቄስማ ፈርቶ መች ይመጣል፣» አሉ ከኋላ እትዬ ብዙነሽ። እትዬ ጥሩወርቅ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

«ምን ፈርቶ?»

«ብርዱን ነዋ፣ ጓድ ልጄ። ቆላ ነው ያደገው።»

ጓድ ይርዳው ሊያጠምዳቸው ቅድመ ሁኔታ ደረደረ። ቀይ ባንዲራ ይተከል አለ፤ ይተከል አሉ። መፈክር ይሰቀል አለ፤ ይሰቀል አሉ። ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ መዝሙር ያሰማ አለ።

«ድምፁን ከፍ ብታደርግልንማ መረቅንህ፣» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ማኅበርተኛ እንዲህ አይልም። ጓድ ይርዳው ግራ ገባው። «እንግዲያው ድንጋዮቹ በአንድ ረድፍ፣ ፊታቸውን ወደ መድረኩ አድርገው ይደርደሩ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን በእንቢታ ነቀነቁ።

«ድንጋዩ ካለበት አይነሣም።»

«ስንዝር ታህል?»

«ስንዝር ታህል። ሌላውን ሁሉ እንዳልከው።»

«ለምን?»

«እኛ እዚያ እዚያውን ነው የምናውቀው።»

ጓድ ይርዳው «የአሮጊት ግትርነት፣ ፖለቲካዊ አይደለም» ብሎ መዘገበ። ያልደረሰውን ባቡርና ሹም የሚያወርደውን መንኮራኩር አሰበ፤ ያቺ ሚስት የምታሰጣውን ጋቢ አሰበ። ከዚያም ብዕሩን አነሣና ጻፈ፦ «ሕዝቡ በጸጥታ አርፎ አመራሩን የሚያደንቅበት ምድር። ከመቶ ዘጠና ስምንት።» ሁለቱን ያስቀረው ለሂስና ግለ ሂስ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ሜዳው ተከፈተ። ሹሞቹ ሪባን ቆረጡ፤ የእርሱንም እጅ ጨበጡት፤ በንድፉ ውስጥ አንድም አህያ ያየ አልነበረም። ጓድ ይርዳው ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና አድርጎ ተነፈሰ።

ድምፅ ማጉያው መዝሙሩን ሲለቅ ዘጠኙ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደየድንጋያቸው ሄዱ፤ እትዬ ጥሩወርቅም መሬቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ተፈቅዶልኝ ላለቅስልህ መጣሁ፣» አሉ።