መጀመሪያ እጅህን

«እማማ፣ ቁልፉን ይስጡኝና ማሽኑ ይነሳ እንጂ፣ ረፈደ እኮ!» አለ ፎርማኑ ግራ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ። ቀኝ እጁ እስከ ክርኑ ሊጥ ማቡኪያው ውስጥ ገብቶ፣ ከማማሰያው ብረት ሥር የቀረችውን ደረቅ ሊጥ በጥፍሩ ይፍቅ ነበር። ኦፕሬተሩ አውራ ጣቱን ማስነሻው ላይ አሳርፎ የጽዳት ሠራተኛዋን ዓይን ዓይናቸውን ያያል።

እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። በዚያ ዳቦ ቤት ማሽን የሚያጸዳ ሰው የመብራቱን ሳጥን አጥፍቶ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉም ከአንገቱ አይወርድም። ይህ ሕግ የወጣው የእሳቸው ሁለት ጣቶች በዚሁ ማሽን ከተቆረጡ ወዲህ ነው። በቀሩት ሦስቱ ቁልፉን ጨበጥ አደረጉ።

«ምን ይጠብቃሉ? ጨርሰናል አይደል?» አለ ፎርማኑ።

«እኔስ ጨርሻለሁ። አንተ ነህ ያልጨረስከው። መጀመሪያ እጅህን አውጣ፣ ልጄ።»

ፎርማኑ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ክንዱን ተከትሎ ወደ ማሽኑ ሆድ ወረደ። ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። እሳቸውም ቁልፉን ሊጥ በነካው መዳፉ ላይ አኖሩለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ አምስቱንም፣ አጠፉለት።