የታገደ ጥሪ

በፋሲካ ጠዋት ሹፌሩ ሚኒባሱን ሸጎሌ ጥግ አስይዞ አቆመና ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠው ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ስልኩ ላይ የተጫነውን አፕ የሠራችው አሁን አብራው የተሳፈረችው የጎረቤቱ ልጅ ኡመይማ ናት። መኪና ሲንቀሳቀስ የሚደወለውን ሁሉ ያግዳል፤ ለደዋዩም «እየነዳሁ ነው፣ አላነሳም» ብሎ ይጽፍለታል። «ጋሼ፣ እስቲ ይሞክሩትና ይጠቅም እንደሆነ ይንገሩኝ» ስትለው፣ የበዓሉን ቀን የመረጠው እሱ ራሱ ነበር። ታናሽ ወንድሙ እንኳን አደረሰህ ሊል ይደውላላ! በሠርጉ ቀን ታላቁን ከሙሽራ መኪና ሹፌሮች ጋር ያስቀመጠ ሰው፣ ዛሬ «አላነሳም» የምትለዋን ያንብባት። ከዊንጌት ጀምሮ ይህችኑ እያጣጣመ ነበር የነዳው።

መኪናው ሲቆም ስክሪኑ በራ፤ «የታገደ ጥሪ፦ አንድ» ይላል።

«አየሽ! ደወለ!» አለ፣ መሪውን በመዳፉ እየመታ። «ታላቅ እንዳለው ዛሬ ትዝ አለው! ይበለው፣ ይቅመሳት!» እንዲህ እያለ ግን እጁ ሳያስበው ወደ ስልኩ ሄደ፤ መልሶ ሊደውልለት።

ኡመይማ ከኋላው ወንበር ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እ... ጋሼ፣ የደወልኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ማንም ሳይደውል ሲቀር... በቃ፣ ለሙከራ ብዬ ነው።»

እጁ ስልኩን ሳይነካ ተመለሰ። ፊቱን ወደ እሷ ሳያዞር ሞተሩን አስነሳ።

«ይሠራል፤ ጎበዝ ነሽ» አላት። «ግን ልጄ፣ ስልኩ ለሚጮህለት ሰው ስጪው።»