በጆሮ የተነገረ ስም

እማማ እታገኘሁ የቀኑበት ሰው ከሞተ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የአየርላንድ የጆሮ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ የመንደር አሮጊቶችን መድኃኒት እየጠየቀ የጻፈ ሊቅ። አሰላ ላይ ሕክምና የምትማረው የልጅ ልጃቸው ሀሴት እሑድ እንኳ ከሰውዬው መጽሐፍ ቀና አትልም። ድሮ እሑድ የእሳቸው ነበር፤ ጭናቸው ላይ ተኝታ ስታወራ ይመሽ ነበር።

«ሻዩ በረደ እኮ። እኔን ብትጠይቂኝስ?»

«የአሮጊት መድኃኒት ከሆነ እሱ ያልጻፈው የለም፣ እማማ!»

ከነከናቸው።

«በቆጂ ሳለን፣ ገና ሕፃን ሆነሽ፣ ጆሮሽ መግል ይዞ ልትሞቺብኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቄ ጠብ አደረግሁልሽና አንድ ስም በጆሮሽ አንሾካሾክሁ። እናትሽ እንኳ አልሰማችም። ያን ያንቺ ሰውዬ ከየት ያመጣዋል?»

«እስቲ ይንገሩኝ!»

«መጀመሪያ እሱን ዝጊው።»

ሀሴት ልትዘጋው ስትል ዓይኗ ገጹ ላይ ቀረ። እየተረጎመች አነበበች፦ «አያቲቱ ዘይቱን ጠብ አድርጋ በሕፃኗ ጆሮ ስም አወጣችላት።» ስሙን ግን ሳትተረጉም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል በአማርኛ እንደተጻፈው አነበበችው፦

«አለሁልሽ።»

እማማ እታገኘሁ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ያልደገሙት ስም ነበር።

ሀሴት እንደተጠራ ሰው ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለች።

«አቤት» አለች።