ከቀኑ ያለፈ ወረቀት

«ይህ ወረቀት ዛሬ ሊገባ አይችልም!» ትላለች ጠበቃዬ ሊዲ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ክቡር ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሁሉ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ተጠቃሎ ይግባ ብሎ ነበር። በዚያ ላይ ሁለት ቀጠሮ ጨመረላቸው። ዛሬ ክርክሩ ሊዘጋ ሲል በጠዋቱ የባለሙያ ማስረጃ አለን ብለው መጡ!»

ጎበዝ ልጅ ናት፤ አላህ ይጠብቃት። ያ ወረቀት ካልገባ እኔ ረታሁ ማለት ነው። ደሳለው ከቤቴ ግርጌ ለፎቅ ብሎ ቆፍሮ የመኝታ ቤቴን ግድግዳ ሰንጥቆብኛል። እሱ ግን የለሁበትም ባይ ነው፤ ይኸው ከጎኔ ተቀምጦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል።

«እማማ ረሂማ፣ ቤትዎ አርጅቶ ነው። ያረጀ ነገር ይሰነጠቃል።»

«ያንተስ ፀጉር ሸሽቶ የለ? ማንን ልትከስ ነው?»

«ፀጥታ!» ይላሉ ዳኛዋ። ወደ ደሳለው ጠበቃ ይዞራሉ። «ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት አለዎት? ባለሙያው ሥራ በዝቶበት ነው እንዳይሉኝ።»

«ባለሙያው ራሱ ያስረዳ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ከሲታ ሰው ይነሣል። ኢንጂነር ፈንታሁን ይሉታል፤ ከኮምቦልቻ ነው የመጣ። ጫማው እስከ ማሰሪያው ጭቃ ነው። ዝናቡ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ አላባራም፤ የችሎቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው ሰውየው ድምፁን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል።

«መሬት መንሸራተቱ የሚታወቀው ተጠብቆ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ቁልቁለቱ ላይ ሰባት ችካል ተክዬ በየወሩ ልለካ ነበር። መጋቢት ላይ ብመለስ ሰባቱም ተነቅለዋል። እንደ አዲስ ጀመርኩ።»

«ማን ነቀላቸው?»

«አላውቅም።»

«ጅብ ይሆናላ!» ትላለች ሊዲ፤ ችሎቱ ይስቃል።

እኔ አልስቅም። የነቀልኳቸው እኔ ነኝ። ቢስቲማ ከተማ ለቅሶ ሰንብቼ ስመለስ፣ ጓሮዬ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አየሁ። እኛ ሰፈር ችካል የሚተከለው መሬት ሊወሰድ ሲል ነው። ደሳለው ግድግዳዬ አልበቃው ብሎ ጓሮዬን ሊያስከልል ነው አልኩና፣ አንድ በአንድ ነቅዬ ማገዶ አደረግኋቸው። ለሰው አልተነፈስኩም፤ ለሊዲም።

ዳኛዋ ብዕራቸውን ያነሣሉ። «ያልታወቀ ሰው ነቀለው ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም።»

«ባይቀበሉትም እንኳ» ይላል መሐንዲሱ ቸኩሎ፣ «ያ ቁልቁለት ከመጋቢት ወዲህ ስንዝር ሙሉ ወርዷል!»

«ተቃውሞ አለኝ! ይዘቱን እየተናገረ ነው!»

«ይዘቱን አይናገሩ» ይሉታል ዳኛዋ።

ስንዝር። እጄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አያታለሁ። ከአውራ ጣቴ እስከ ትንሿ ጣቴ።

የልጅ ልጄ ሱሀይላ ትኩሳት ይዟት እዚያው መኝታ ቤት ተኝታለች። እናቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጠዋት ፈረቃ ገብታለች። ልጅቱን ከነላቧ አልብሼ፣ ስልኬን ከራስጌዋ አድርጌላት ነው የወጣሁት። የተሰነጠቀው ግድግዳ የሷ ራስጌ ነው።

«አብሽሩ እማማ» ትለኛለች ሊዲ፣ በሹክሹክታ። «ውድቅ እያደረጉት ነው። አለቀ፣ ረታን።»

የዳኛዋ ብዕር ይሄዳል። ዝናቡ ይብሳል። ያረቢ፣ ሰውየው እውነቱን ከሆነስ?

«እኔ ነኝ!»

ተነሥቼ መቆሜን ያወቅሁት ሊዲ ሻርፔን ስትጎትተኝ ነው።

«ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ወላሂ እኔ ነኝ። ሰውየው አልዘገየም፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ያንብብልን።»

«እማማ! ክሱን ገደሉት እኮ!»

ዳኛዋ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «እናቴ፣ ይህ ቃል እርስዎኑ እንደሚጎዳ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል። ያንብብ።»

የጻፉትን ይሰርዙታል። «ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ተገኝቷል። ማስረጃውን ተቀብያለሁ፤ ከሳሽ መልስ የምታቀርብበት ቀን ይሰጣታል። ድምዳሜውን ብቻ ያንብቡ።»

መሐንዲሱ የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣል። «የግድግዳው መሰንጠቅ በቁፋሮው የመጣ አይደለም፤ ቁልቁለቱ ራሱ እየተንሸራተተ ነው።» ደሳለው ደስ ብሎት ጭኑን መታ ያደርጋል። መሐንዲሱ ግን አልጨረሰም። «ከባድ ዝናብ ከጣለ፣ ቤቱ ከነአፈሩ ከታች ወዳለው ጉድጓድ ሊወርድ ይችላል። ክረምቱ ሳይገባ ከቤቱም ሆነ ከጉድጓዱ ሰው ሁሉ መውጣት አለበት።»

ደሳለው እጁ ጭኑ ላይ እንዳለ ይቀራል። ወደ ጠበቃው ይዞራል። «ይኼን አንብበኸዋል?»

«ጠዋት እኮ ነው የደረሰኝ... የፊተኛውን ገጽ ነው ያየሁት።»

«ጉድጓዱ ውስጥ ስድስት ሰው አሰማርቼ ነው የመጣሁት!»

«ውጡና ደውሉ» ይላሉ ዳኛዋ። «ሁለታችሁም። አሁኑኑ!»

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። የሊዲን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ሱሀይላ ጋ እየደወልኩ ግድግዳ እደገፋለሁ። ደሳለው ከጎኔ ትከሻዬን ነክቶ ቆሟል፤ እሱም ለሠራተኛው ይደውላል። ከሁለታችንም ስልክ ያው ድምፅ ይሰማል፤ ጥሪ፣ ዝም፣ ጥሪ፣ ዝም።

«አሎ! ብሩ! ሰዎቹን አውጣ! ዕቃውን ተወው አልኩህ፣ ሰዎቹን! ... ሁሉም? ቁጠራቸው! ... ተመስገን።»

ስልኩን ዝቅ ያደርጋል። ግን አይሄድም። አጠገቤ እንደቆመ እጄ ላይ ያለውን ስልክ ያያል።

የእኔ ገና ይጠራል።