የሱቁ ዘበኛ

ሰዓት ሠሪው ለሦስተኛ ጊዜ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት የጠረጴዛውን ሥር ያስሳል። ጨርቁ ላይ አራት ትንንሽ የሰዓት ባትሪዎች ደርድሮ ነበር። አሁን ያሉት ሦስት ናቸው።

ጥግ ካለው በርጩማ ላይ የስድስት ዓመት ልጁ ተቀምጣለች። ከንፈሯን ግጥም አድርጋለች፤ ምራቋ ግን በአገጯ እየወረደ የቀሚሷን አንገትጌ አርሶታል።

«ከትናንት ጀምሮ ቶንሲሏን ያማታል» ይላል፣ ቀና ሳይል።

ሰዓቷን ልትወስድ የመጣችው የጎረቤት ባለፋርማሲ አላመነችውም። ጎንበስ ብላ ልጅቷን ታያታለች።

«ስማ፣ ውጣው እንዳይሆን» ትላለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄ እንደ ሳንቲም ዝም ብሎ አያልፍም፤ ጉሮሮ ያቃጥላል። ሆስፒታል ሄደህ ቶንሲል ነው ካልክ ወረፋ ያዝ ይሉሃል። ባትሪ ውጣለች ካልክ ግን ሮጠው ነው የሚቀበሉህ። ጠይቃት፣ ቶሎ።»

እየዳኸ ወደ በርጩማው ይጠጋል።

«የኔ እናት፣ ባትሪውን ውጠሽዋል?»

ከንፈሯን ይበልጥ ትገጥማለች።

«አልቆጣም። ብቻ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ትሰቅላለች። ይሄኔ ይገባዋል። የምትፈራው እሱን አይደለም።

ይህ ሰው መሳቢያ ቆልፎ አያውቅም። ቁልፍ ምን ሊሠራለት? ልጅቷ ገና ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ለእግዚአብሔር የዘበኝነት ሥራ ሰጥቶት አርፏል። «እኔ ባላይሽ እሱ ያይሻል። ሳታስፈቅጂ ዕቃ የነካሽ እንደሆነ ቁጣው ከላይ ይወርድብሻል።» አባቱም እሱን ያሳደጉት እንዲሁ ነው፤ ዛሬም በአርባ ዓመቱ ነጎድጓድ ሲሰማ ኃጢአቱን ማሰብ ይጀምራል። ሆኖም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «በፈሪሃ እግዚአብሔር ያደገች ልጅ» ሲሉለት ደረቱ ይነፋ ነበር። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ እንቅልፍ የማይጥለው ዘበኛ ከየት ይገኛል?

አሁን ያው ዘበኛ የልጁን አፍ ዘግቶ ይዞበታል።

«እግዚአብሔርም አይቆጣሽም» ይላታል፣ እጇን ይዞ። «ልጅ አይቀጣም።»

«አንተ ነህ ይቀጣል ያልከኝ።» ድምፅዋ ሻክሯል።

«ዋሽቼ ነው።»

ባለፋርማሲዋ ዞር ብላ ታየዋለች። እሱም በራሱ ቃል ይደነግጣል። እንዲህ ያለ ነገር እንኳን ሊናገረው በልቡም አስቦት አያውቅም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አሁን መመለሻ የለውም።

«በእግዚአብሔር ዋሸህ?»

«አዎ። ዕቃዬን እንዳትነኪብኝ ብዬ። እሱ እንደዚያ አይደለም። እሱ...» ምን እንደሆነ ሊነግራት ይፈልጋል። ሆዱን ቢፈትሽ፣ ልቡን ቢፈትሽ፣ ከፍርሃት ሌላ ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር ያጣል። ያፍራል። «ብቻ እንደዚያ አይደለም» ይላል ደግሞ።

ልጅቷ አባቷን ታያለች፤ ከዚያ ጣሪያውን። ከበርጩማው ትወርድና ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ፣ በእሱና በሆነ ነገር መካከል እንደሚገባ ሰው፣ ፊቱ ትቆማለች። ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ነው የምትናገረው።

«እሱን ተወው። የዋጥኩት እኔ ነኝ። ስለሚያብረቀርቅ አፌ ውስጥ አደረግኩት፤ አባዬ ሲዞር ደነገጥኩና ዋጥኩት። እሱን አትንካው።»

«መቼ ነው የኔ ቆንጆ?» ትላለች ባለፋርማሲዋ፣ አንድ እግሯ በሩ ላይ ሆኖ።

«ሬዲዮው ዜና ሲጀምር።»

ገና ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው። ባለፋርማሲዋ ታክሲ ልታስቆም ትሮጣለች። ሰዓት ሠሪው ልጁን አፈፍ አድርጎ አቅፎ፣ ሱቁን እንዳለ ትቶ፣ ተከትሏት ይወጣል። ሊያለቅስ ይፈልጋል፤ ጊዜ የለውም።

አስፋልቱን ሲያቋርጥ አናቱ ላይ የሆነ ነገር ያርፋል። ትንሽ፣ ላብ ያረጠባት መዳፍ ናት። ልጁ ዓይኗን ጨፍና፣ ጣቶቿን የቻለችውን ያህል ዘርግታ፣ ጭንቅላቱን ከሰማይ ከልላለታለች።