ለሁለቱም የሚሆን ስም

የአስር ቀን ልጄን አቅፌ መስኮቱ ጋ ስደርስ መዝጋቢው «ማን ልበላት?» አለኝ። ሕጉ ለአንድ ቤት የሚፈቅደው አንድ የልጅ ስም ብቻ ነው። ልጁ ከሞተ ቀጥሎ የሚወለደው ያንኑ ስም ይወርሳል። ስም ያላስመዘገበ ደግሞ ክትባት አያገኝም።

«እቴነሽ ይበሏት፤ የእናቴ ስም ነው» አልኩ።

አማቴ እማማ ዘርፌ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ተይ ልጄ። ቀጥሎ ወንድ ቢመጣ እቴነሽ ተብሎ ሊጠራ ነው? ለሁለቱም የሚሆን አውጪ።»

«እማማ፣ ልጄ እኮ ደህና ናት።»

«የእኔዎቹም ደህና ነበሩ።»

የእሳቸው ልጅ ባሌ ብርሃኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማውቀው። ዞር ብዬ ሳየው አቀርቅሮ ጫማውን ያያል።

«ከእሱ በፊት ሁለት ሴቶች ልጆቼን ብርሃኔ ብያቸዋለሁ» አሉ እማማ። «ስሙ የተጻፈበትን የወተት ጣሳ አይተሽው የለ? ሦስቱም የጠጡት በእሱ ነው።»

መዝጋቢው እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃል። ልጄ ጣቴን ጨብጣ ተኝታለች።

«ደስታ ይበሏት» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉ አማቴ ጀርባዬን እያሻሹ። «ይሄ ለሦስትም ለአራትም ይበቃል።»