ያልተቀነጠሰ ጎመን

ክች፣ ክች፣ ክች። ድምፁ ከቅንጭቡ አጥር ማዶ ነው። የሺ ነጠላዋን ልትለብስ እንዳነሣች ቀጥ አለች። ከላይ፣ ከቁስቋም በኩል፣ የማሕሌቱ ከበሮ ይመታል፤ እዚህ ታች ደግሞ መኮትኮቻ አፈር ይቧጥጣል። ዛሬ ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ማርያም ንግሥ ነው። የጉለሌ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሽቅብ በሚወጣበት በዚህ ጠዋት ማን ነው መሬት የሚቆፍረው?

በአጥሩ ሽንቁር ጎንበስ ብላ አለፈችና ድንግጥ አለች። እትዬ ወለተማርያም ናቸው። በበዓል ቀን እንጨት የፈለጠውን ሰው ደጃፉ ድረስ ሄደው የሚገሥጹት እትዬ ወለተማርያም፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ከጉድጓዱ እስከ ጎመኑ መደብ ድረስ የውኃ ቦይ ይጠርጋሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ቁስቋም ናት።»

«እሷ ታውቃለች።» ቀና አላሉም። «ቆመሽ ከምታዪኝ ነይ ይቺን ያዢልኝ። ጠበል ልገባ ነው። ጓሮዬን አደራ።»

«ለስንት ቀን?»

«እሱ እስኪፈቅድ።»

የሺ ነገሩን ጠረጠረች። የእትዬ ልጅ ክረምቱ ሳይገባ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ሰላሌ ከአርበኞቹ ጋር ነው ይባላል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚለው ግን የለም። የዚሁ ሰፈር ሰው የነገራ ጓሮ ጠባቂ ሲያጣ የሆነውንም አልረሳችም። ነገራ ከሄደ በኋላ ቃሪያው ሳይለቀም ቀላ፣ ጎመኑ አበበ። ጣሊያኖቹ ያንን አይተው «የዚህ ቤት ሰው ሸፍቷል» አሉና ቤቱን አቃጠሉት። የት እንደገባ ተናገሪ ተብላ የተወሰደችው ጎረቤቱም እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

«በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅጠል ውሰጂ» አሉ እትዬ፣ መኮትኮቻውን ሽቅብ እያቀበሏት። «ብትበዪውም ባትበዪውም ውሰጂ። ያልተቀነጠሰ ጎመን ወሬ ያወጣል።»

የሺ አፏ እሺ ከማለቱ በፊት እጇ መኮትኮቻውን ተቀበለ። እትዬ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ገና ስለ ጌሾው ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ከመንገዱ በኩል ድምፅ መጣ።

«እንዴ፣ እትዬ ወለተማርያም!»

ቦጋለ ነው። የዚሁ ሰፈር ልጅ ነበር፤ አሁን ባንዳ ገብቶ የጣሊያን ጠመንጃ ተሸክሟል። ከአጥሩ በላይ አንገቱን አሰገገ። «በቁስቋም ቀን መኮትኮቻ ሰማሁ ልበል? በማርያም ቀን ወንጭፍ ይዘሃል ብለው ጆሮዬን የጠመዘዙት እርስዎ አይደሉም? ምን አስቸኮለዎት? ነገን የሚያጡ ይመስል።»

እየሳቀ ነው የሚናገረው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። አዲስ የተጠረገውን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። የሺ ወደ አጥሩ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«እኔ ነኝ» አለች የሺ። መኮትኮቻው እጇ ላይ ነበር። «ጠበል ልገባ ነው፣ ጓሮዬን አደራ ሲሉኝ... በቃ፣ ቶሎ ልጀምርላቸው ብዬ። ሊቆጡኝ ነው የመጡት።»

እትዬ ቀስ ብለው ቀሚሳቸውን ከወገባቸው ለቀቁት። ጭቃ የነካው ጉልበታቸው ተሸፈነ። ከዚያ ወደ የሺ ዞሩ።

«አደራ የሚጠበቀው እንዲህ ነው? ማርያም ደጅ ከበሮ እየተመታ? ደግሞስ ይሄ ጎመን በጠራራ ፀሐይ ውኃ ይጠጣል ያለሽ ማን ነው? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ጌሾውንም እንዲሁ ልታበላሺብኝ ነው። ከሥር ከሥሩ ነው የሚለቀመው፤ ጫፉን የነካሽ እንደሆነ አልምርሽም። ውርጭ በወረደ ሌሊትስ? ድንቹን ሣር ታለብሺዋለሽ፣ ወይስ እሱንም እኔው ከጠበል ተነሥቼ መጥቼ ላልብስልሽ?»

የሺ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። መጀመሪያ ቁጣው እውነት መስሏት ፊቷ ጋለ። ጌሾው ላይ ሲደርሱ ገባት። ሊነግሯት ጀምረው ያቋረጡትን ነው የሚነግሯት። ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ቆመው፣ ጓሯቸውን አንድ መደብ ሳያስቀሩ እያስረከቧት ነው። ጣታቸው ወደ ድንቹ ሲጠቁም ቀጥ ያለ ነው። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባትና ከንፈሯን ነከሰች።

«ይበሏት እትዬ» አለ ቦጋለ፣ አሁን ከልቡ እየሳቀ። «እኔ የቀመስኳትን እሷም ትቅመስ።»

«ሳቅ አንተ። ጠመንጃ አንግቶ በታቦት ደጅ ማለፍ የሚሻል መስሎህ።»

ሳቁ ቀነሰ። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «ነገ ጎመን ልወስድ ብቅ እላለሁ» አለ።

«ና። የሺ ትቀነጥስልሃለች።»

የጫማው ኮቴ ቁልቁል ጠፋ። ከዚያ እትዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ እጃቸውን ታጠቡ። ከበሩ ሥር ካለው ጤና አዳም አንድ ዘለላ ቆርጠው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ከቤት አገልግላቸውን አንጠልጥለው ወጥተው በመደቦቹ መካከል ሲያልፉ የቀሚሳቸው ጫፍ አንዲት ቅጠል አልነካም። ለዓመታት በዚያው ጠባብ መንገድ የተመላለሰ እግር፣ ዛሬም ሳያይ መርገጫውን ያውቀዋል።

የሺ ጎንበስ ብላ ከጎመኑ አንድ ሰፊ ቅጠል ቀነጠሰች። ቀና ስትል እትዬ መንታው መንገድ ላይ ደርሰዋል። ወደ ጠበሉ የሚያወርደው በግራ ነው፤ የንግሡ ሰው ወደ ቁስቋም የሚተመው በቀኝ። ነጠላቸውን ተከናነቡ። በሁለቱ መካከል፣ እንጨት ለቃሚ ብቻ የሚሄድበትን፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ወደ እንጦጦ ጫፍ፣ ከዚያም ማዶ ወደ ሰላሌ የሚያወጣውን ቀጭን መንገድ ያዙ። ዞር ብለውም አላዩ።